ስም ያልተጻፈበት ካርቶን

ጥቅምት 6

ይድረስ ለእማማ፣

ደህና ገባን። ይህን ያስቀደምኩት ሌላውን ሁሉ ዘለው የሚፈልጉት ይኼንኑ መስመር እንደሆነ ስለማውቅ ነው። መንገዱ አሥራ አራት ሰዓት ፈጀ። ልጅዎ ሾፌሩ አጠገብ ተቀምጦ ሰውየውን "በግራ ያዝ፣ በቀኝ ያዝ" ሲለው ዋለ። ሾፌሩ በዚያ መንገድ ሃያ ዓመት የተመላለሰ ነው። ዳኛዋ ልጃችንን ሦስት ጊዜ አስመለሳት፤ በአራተኛው "እዚህ አውርዱኝና ቀሪውን በእግሬ ልምጣ" ብላ ፈረደችብን። ዘጠኝ ዓመት ሞላት፣ ፍርዷ ግን አልለዘበም።

ቤቱ ከሆስፒታሉ ጀርባ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከጠበቅነው በላይ ይሰፋል። ኩሽናው መስኮት አለው። ደረጃው አሥራ ስምንት ነው፤ መደገፊያ ብረቱ ጠንካራ ነው፣ ራሴ ነቅንቄ አይቼዋለሁ። ጎረቤቶቻችን ገና አላወቁንም፣ ግን አንዷ ሳትጠየቅ የቆሻሻ መኪናው የሚመጣበትን ቀን ነግራናለች።

የሰው ሠራሽ ጥርስ መሥሪያ ክፍሉ አዲስ ነው። ጠረጴዛው በልኬ ነው፣ መብራቱ አይጨልምም፣ የጀሶ ከረጢቱ ደረቅ ቦታ ተቀምጧል። የድሮው አለቃችን ክፍሉን ዘግቶ "በቃ፣ ተበተኑ" ካለን ቀን ጀምሮ ደረቴ ላይ አንድ ነገር ተቀምጦብኝ ነበር። ሰኞ ጠዋት ጋውኔን ለብሼ እዚህ ስቀመጥ ለቀቀኝ። ለሥራ ብሎ ቤተሰብ ይዞ ወደማያውቁት ክፍለ ሀገር መሄድ እብደት ነው ላሉን ሁሉ፣ እስካሁን አላበድንም ይበሉልኝ።

አሁን የከበደኝን ልጻፍ። ስንለያይ በደንብ አልተሰናበትኩዎትም። ሦስት ወር ሙሉ ለልጅዎ "ቤት ያዙ እንጂ እከተላችኋለሁ" ሲሉት ቆይተው፣ ዕቃ ባሠርን ማግስት "እኔ ከዚህ ቤት አልነቃነቅም፣ ሁለተኛ እንዳትጠይቁኝ" ሲሉ ዱብ ዕዳ ሆነብኝ። ለምን ብዬ ብጠይቅ የባሰ የማስቆጣዎት መሰለኝና ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ይቆረቁረኛል። አከራይዎ የቤቱን ውል የሚያድሰው በኅዳር አጋማሽ ነው፤ ከፈረሙ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ ይያዛሉ። እስከዚያ ቢያስቡበት ብዬ ነው፣ ሌላ አልልም።

ጥርሱስ እንዴት ነው? የታችኛው በቀኝ በኩል ይጫንዎት ነበር። የሠራሁት እኔ ነኝና ስድቡን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።

የልጅዎ ሚስት


ጥቅምት 17

ለጥርስ ሠሪዋ፣

ደብዳቤሽ በአሥረኛው ቀን ደረሰኝ። በአራተኛው መድረስ ነበረበት። ፖስታው ላይ ከተማውንና ክፍለ ሀገሩን አገለባብጠሽ ስለጻፍሽው ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ ዞሮ መጣ። ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ ቤት ቆማ ደብዳቤ ስትለይ የኖረች ሴት ምራት እንዲህ ስትጽፍ፣ እዚያ ሥራ ላይ የቀሩት ልጆች ምን ይሉኛል? ከታች በትልቁ ጽፌልሻለሁ፣ ግድግዳ ላይ ለጥፊው።

ልጄን ስልክ መደወሉን ይተው በይው። ጆሮዬ መስማት ከተወ ስንት ዘመኑ። እሱ ሲያወራ የሚሰማኝ የወፍጮ ድምፅ ነው። ምን እንደጠየቀኝ ሳላውቅ "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ" ብዬ እዘጋለሁ። አንድ ቀን "ሞተሽ ነው እንዴ" ቢለኝም ያው ነው መልሴ። የምትፈልጉትን ጻፉልኝ።

እኔ ደህና ነኝ። ጠዋት ሾርባዬን ጠጥቼ በረንዳ ላይ እቀመጣለሁ። ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ ከስፌት መኪናው ቀና ሲል እጁን ያወዛውዝልኛል፣ እኔም አወዛውዛለሁ፣ ጨዋታችን ይኼው ነው። ምሳ ሰዓት ሚስቱ የሠራችውን ሾርባ ይዞልኝ ይመጣል። ከእሱው አስተርፌ ማታ አሞቀዋለሁ። ሾርባ ለሆድ ጥሩ ነው።

ስለ መምጣት የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ። መልሱ ያው ነው፣ አትድከሚ። ዝም በማለትሽም አልተቀየምኩም፤ ዝም ማለት ያለብሽ መስሎሽ ዝም ብለሻል።

ጥርሱ ምንም አልሆነም። ሥራሽ ጥሩ ነው።

ይህን የላክሁት በሥራ ቦታሽ አድራሻ ነው። የቤታችሁን ፖስታ ላይ ልጽፍ ብዬ እጄ እምቢ አለኝ። ከዚህ ጋር ባለችው ትንሽ ወረቀት የጠየቅሁሽን አንዱንም ሳታስቀሪ መልሺ።

የባልሽ እናት


ጥቅምት 23

ይድረስ ለእማማ፣

አድራሻው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ዳኛዋ ከሥሩ "ቅጣት አለው" ብላ ጨምራበታለች።

በትንሿ ወረቀት ለጠየቁኝ በተራ ልመልስ። አዎ፣ ይበላል። አይ፣ አልከሳም፣ እንዲያውም ቀበቶውን በአንድ ቀዳዳ አላልቷል። አዎ፣ በየቀኑ። አይ፣ መጋረጃውን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም፣ ቤቱ የተከራየው ከነመጋረጃው ነው። አምስተኛውን ራሱ ይመልስ፣ እኔ በባልና ሚስት መካከል ያለውን ለአማቴ አልጽፍም። ስድስተኛውን ገና አላውቅም፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሚፈልግ ሁሉ "ደውልልሃለሁ" ይለዋል፣ እስካሁን ግን የደወለ የለም። ቤት ውስጥ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ ሁሉ ሁለት ሁለት ጊዜ ጠግኗል። ልብሱን ይዞ ልብስ ማጠቢያው ጋ ሲቀመጥ ግን አንዳንዴ እየዘፈነ አገኘዋለሁ፣ ስለዚህ ያን ያህል አይጨነቁ።

እኔም ያልነገርኩዎት ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥርሶች አልገጠሙም። ሦስት ሰዎች አፋቸውን ከፍተው ጠበቁኝ፣ ሦስቱንም "ይቅርታ፣ ሳምንት ተመለሱ" አልኳቸው። አለቃዬ ሐኪሟ ሦስቱንም አንሥታ አየቻቸውና መልሳ አስቀመጠቻቸው፤ ይኼ ከስድብ ከፋኝ። ሥራውን የማጣ መስሎኝ ስንቅ ቋጥሬ ልመለስ ምንም አልቀረኝም ነበር። ለካ ጥፋቱ የውሃው ነው። እዚህ የቧንቧው ውሃ ሞቃት ስለሆነ ጀሶው ገና ሳፈሰው ይደርቅና ልኩን ያበላሻል። አሁን ውሃውን ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድሬ ነው የማቦካው። ትናንት አንድ ጡረተኛ መምህር አዲሱን ጥርሱን ገጥሞ ከኪሱ ፖም አወጣ፣ ከፊቴ ቆሞ ግማሹን ጨረሰው። ሐኪሟ አጨበጨበች። እኔ መታጠቢያ ክፍል ገብቼ ለቅሶዬን ለቀቅሁት፣ የእፎይታ ነበር።

አሁን ወደ እርስዎ። በአንድ ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ሾርባ አሉ። እርስዎ እኮ ሾርባ የታመመ ሰው ነው የሚጠጣው የሚሉ ሰው ነዎት። ደግሞ "ሥራሽ ጥሩ ነው" ብለውኛል። በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን አመስግነውኝ አያውቁም፣ ስለዚህ ደነገጥኩ። ጥርሱ ምን ሆነ?

የልጅዎ ሚስት


ኅዳር 1

ለጥርስ ሠሪዋ፣

ሾርባዬን ቆጠርሽብኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ስለ ጤናዬ ይጠይቀኛል፣ አንቺ ጉሮሮዬ ውስጥ ገብተሽ ትቆጥሪያለሽ። ጥርሴን ተይልኝ። ባመሰግንሽ ጥፋት፣ ባላመሰግንሽ ጥፋት፤ ከአሁን በኋላ አላመሰግንሽም።

ስለ ጀሶው ደስ ብሎኛል። እንደማያቅትሽ አውቅ ነበር። ይኼ ምስጋና አይደለም።

ልጄ ሥራ ካላገኘ ይጻፍልኝ እንጂ ማብሪያ ማጥፊያ አይነካካ፣ አንድ ቀን ያቃጥላችኋል። አባቱም ሥራ ሲያጣ የሰዓቱን ሆድ ዕቃ ፈትቶ መልሶ መግጠም አቅቶት ነበር።

የቤቱ ባለቤት ትናንት መጥቶ ነበር። ኅዳር 15 ቀን ውሉን ይዞ ይመጣል። እፈርማለሁ ብዬዋለሁ። ሁለት ዓመት ብዙ አይደለም። በረንዳው አለኝ፣ ልብስ ሰፊው አለኝ።

ደግሞም አንቺን አልወቅስም። ሰው አዲስ ቤት ሲያዘጋጅ ማንን እንደሚያስገባበት ያውቃል። የሚያስገባውን ይጽፋል፣ የማያስገባውን አይጽፍም። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው አድራሻ ሳነብ የኖርኩ ነኝ፤ ካርቶን ላይ የተጻፈውንና ያልተጻፈውን ለይቶ ማንበብ አያቅተኝም። ይኼን ካልኩ በቃኝ፣ መልሰሽ አታንሺብኝ።

ለዳኛዋ ሹራብ ልኬአለሁ። እጅጌው ከረዘመ እጠፊላት፣ ታድግበታለች።

የባልሽ እናት


ኅዳር 7

እማማ፣

አታንሺብኝ ቢሉም አነሳዋለሁ። ከዚህ በኋላ ቢፈልጉ አያናግሩኝ።

ደብዳቤዎን ያነበብኩት በሥራ ላይ፣ እጄ ጀሶ እንደያዘ ነው። "ካርቶን" የሚለው ምን እንደሆነ ፈጽሞ አልገባኝም። ቤት ገብቼ ዳኛዋን ጠየቅኋት። ሕፃን አይረሳም፣ እንደምስክር ቆማ ነገረችኝ። "አያቴ ነበረች ካርቶኖቹ ላይ የምትጽፈው፣ አንቺ ትጠቁሚያታለሽ፣ እሷ ትጽፋለች። ሳሎን፣ ኩሽና፣ የእኔ ክፍል፣ የእናንተ ክፍል። ከዚያ አራት ካርቶን ቀረ። አያቴ ስክሪፕቶውን ይዛ አየችሽ። አንቺ ራስሽን ነቀነቅሽ። ባዶውን ይሁን አልሽ። ከዚያ አያቴ ስክሪፕቶውን ከድና ገባች።" ይኼን ስትነግረኝ ሁሉም ትዝ አለኝ። እንደዚያ አድርጌአለሁ። ሲገቡም አይቻለሁ፣ ወገብዎን ያመመዎት ነበር የመሰለኝ።

እማማ፣ እነዚያ አራት ካርቶኖች የእርስዎ ናቸው። አንደኛው ውስጥ ያለው አዲስ ብርድ ልብስ ነው። ሁለተኛው ውስጥ ጀርባ የሚደግፍ ወንበር አለ፣ እግሮቹን ፈትቼ ነው የከተትኩት። ሦስተኛው አልጋ ልብስ፣ አራተኛው ለማንበብ የሚሆን ትልቅ አምፖል ያለው የጠረጴዛ መብራት። ሁሉንም የገዛሁት ሳይጠይቁኝ፣ ሳልነግርዎት ነው። "የእማማ ክፍል" ብለው ይጻፉበት ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን እከተላችኋለሁ ያሉት ለልጅዎ እንጂ ለእኔ በአፍዎ ነግረውኝ አያውቁም። እኔ ቀድሜ ስምዎን ባስጽፍ፣ አማቷን እንደ ዕቃ ጭና ወሰደች የሚሉኝ መሰለኝ። መጀመሪያ እርስዎ ይበሉኝ ብዬ ተውኩት። እኔ በይሉኝታ ባዶ ተውኩት፣ እርስዎ በሙያዎ አነበቡት። በአንድ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ኖረን አንዳችን ሌላውን አልጠየቅንም።

ለእርስዎ የተውኩት ክፍል አሁንም ዝግ ነው፣ አራቱን ካርቶን ይዞ። ልጅዎ መሣሪያዎቹን ላስቀምጥበት ቢለኝ አይሆንም አልኩት። ለምን እንዳልኩት አልነገርኩትም።

እናቴ ስትሞት ስድስት ዓመቴ ነበር፣ ይኼን ያውቃሉ። የማያውቁት ሌላ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ቤትዎ ስገባ የተናገሩኝ "ጫማሽን በር ላይ አውልቂ" የሚል ነበር። ተናድጄ ነበር፣ ገና ከመግባቴ ብዬ። እዚህ ግን ሰው ሁሉ ከነጫማው ሲገባና የሚቆጣ ሲጠፋ ሆድ ይብሰኛል።

ይምጡልኝ። ለልጅዎ ብዬ አይደለም፣ ለዳኛዋም ብዬ አይደለም። እኔ ራሴ ስለምፈልግዎት ነው። ኅዳር 15 ሳይደርስ ይህ ይደርስዎታል፣ አራት ቀን ነው። እባክዎን አይፈርሙ።


ኅዳር 18

ይድረስ ለእማማ፣

መልስ አላገኘሁም። ቀኑ አልፏል። ልጅዎ ስልክ ደውሎ "እማዬ፣ ፈረምሽ ወይ?" ቢልዎት "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ" ብለው ዘጉበት። ተመልሶ ሲቀመጥ ፊቱን አይቼ ሳቅም ለቅሶም መጣብኝ።

ፈርመው ከሆነም ይጻፉልኝ። ቢቆጡም ይጻፉልኝ። ሁለት ዓመትም ቢሆን ሁለት ዓመት በየሳምንቱ እጽፋለሁ፣ ካርቶኖቹንም አላስነካም።

አንድ ጥሩ ወሬ አለ። ልጅዎ ሥራ አገኘ። አንድ ትልቅ ትምህርት ቤት መብራቱን ሁሉ እንዲቀይር ቀጥሮታል። ዛሬ በመጀመሪያ ቀኑ መሰላል ተሸክሞ ሲመለስ ፊቱ ላይ አቧራ ነበር፣ አላስጠራረግሁትም፣ ለራት እንዲሁ ተቀመጠ። አሠሪዎቹ ፈቃድ ከሰጡኝ እኔ ሄጄ እማዬን ልያት ይላል። ያን ሁሉ መንገድ ከመምጣቱ በፊት አንድ መስመር ይላኩልን።

የልጅዎ ሚስት


ኅዳር 23

ልጄ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። የመጀመሪያው የደረሰኝ ኅዳር 16 ነው፣ በፈረምኩ ማግስት። ግድግዳ ላይ ለጥፈሻል፣ ልጅቷ ቅጣት ጽፋበታለች፣ አንቺ ግን ዳግመኛ ከተማውንና ክፍለ ሀገሩን አገለባብጠሽዋል። ፖስታው አራት ማኅተም ተመቶበት መጣ። ቸኩለሽ እንደጻፍሽው ከፊደልሽ አይቻለሁ፣ ስለዚህ ለዛሬ ምሬሻለሁ።

በሩ ላይ ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ ገብቼ ተቀምጬ አነበብኩት። ቂመኛ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ፣ ደብቄው አላውቅም። በሕይወቴ ግን ያለ ምክንያት ቂም ስይዝ የመጀመሪያዬ ነው፣ የት እንደማስቀምጠው ግራ ገባኝ። ሁለት ቀን ደብዳቤሽን ጭኔ ላይ ይዤ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። ልብስ ሰፊው እጁን ሲያወዛውዝ ሳልመልስለት ቀርቼ፣ ሰውየው ሞታለች ብሎ እየሮጠ መጣ።

አሁን እውነቱን ልንገርሽ። ጥርሱ ተሰብሯል። እናንተ በሄዳችሁበት ጠዋት ሳጥበው ከእጄ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ፣ ለሁለት ተከፈለ። እጄ ለምን ከዳኝ ብለሽ አትጠይቂኝ። እዚህ ከተማ ጥርስ የሚሠራ አይጠፋም፣ ነገር ግን የሌላ ሰው እጅ አፌ ውስጥ እንዲገባ አልፈለግሁም። አኩርፌሽም ቢሆን ያንቺ እጅ ያንቺ ነው። አንድ ወር ተኩል በሾርባ ኖሬአለሁ፣ ቀሚሴ ሁሉ ሰፍቶኛል። ቆጥረሽብኝ ነበር፣ ትክክል ቆጥረሻል።

በሦስተኛው ቀን ኩርፊያዬን ቤት ትቼ ወደ ቤቱ ባለቤት የቀለም ሱቅ ሄድኩ። ከሰው ምንም ለምኜ እንደማላውቅ ታውቂያለሽ፣ ጨው እንኳ ከጎረቤት አልተበደርኩም። አፌን በሻርፕ ሸፍኜ "ውሉን ይመልሱልኝ" እላለሁ፣ ያለ ጥርስ የምናገረው አይገባውም። እሱ ይመልስልኛል፣ እኔ አልሰማውም። እጄን ሳወናጭፍ ነጭ ቀለም የፈለግሁ መስሎት ኖሮ ጣሳ አወረደልኝ። ቀለም ሊገዛ የመጣ ሰው ሁሉ ቆሞ ያየናል። አንዲት ሴት ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ ውጭ ወጣች። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፣ ግን አልተመለስኩም። በመጨረሻ ሰውየው ደከመውና ወረቀትና እርሳስ ገፋ አደረገልኝ።

"የፈረምኩትን ይቅደዱልኝ። ሴት ልጄ ጠርታኛለች" ብዬ ጻፍኩለት።

አንብቦ አየኝና ከሥሩ ጻፈ። "የእርስዎ ልጅ ያ ኤሌክትሪክ የሚሠራው ብቻ አይደለም እንዴ? ስንት ዘመን ነው የማውቅዎት።"

"ሁለት ናቸው" ብዬ ጻፍኩ።

ውሉን ከመሳቢያው አውጥቶ እፊቴ ቀደደው። የእህቱ ልጅ አግብታ ቤት እየፈለገች ነበር፣ አፍሮ ሊጠይቀኝ አልቻለም ነበርና ከእኔ ይበልጥ ደስ ያለው እሱ ነው። እስከ በር ሸኘኝ። እቤት እስክደርስ እግሬ መሬት አልነካም፣ ሾርባዬንም በአንድ ትንፋሽ ጠጣሁት።

ከቤቱ ዕቃ አብዛኛውን ለልብስ ሰፊው ሚስት ሰጠሁ። ከድስቶቹ ትልቁን ወስዳ ስትወጣ ተመልሳ አቅፋኝ ሄደች። ምን እንዳለችኝ አልሰማሁም፣ ግን ገብቶኛል። ልጄ ልውሰድሽ ብሎ እንዳይመጣ ንገሪው፣ ሥራ በጀመረ ሰሞን ፈቃድ አይጠየቅም። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ደብዳቤ በመላክ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ራሴንም እልካለሁ።

አውቶቡሱ ሌሊቱን ተጉዞ ኅዳር 30 ቀን ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ይገባል። ጣቢያው ሰው የሚበዛበት ነው ይላሉ፣ እኔም እደናገር ይሆናል። ዳኛዋ ስሜን እየጠራች እንዳትጮህ ንገሪያት፣ በከንቱ ጉሮሮዋን ታቆስላለች፤ እኔ አልሰማም። አንቺ ራስሽ በሰው መካከል ገብተሽ እጄን ያዢኝ። ማን እንደያዘኝ ዞሬ ሳላይ አውቃለሁ።

ጓዜ አንድ አረንጓዴ ሻንጣ ብቻ ነው፣ ከባድ አይደለም።

እማማ